ዐፉ በለን ያልተባሉት የካፋ ንጉሥ

ሱረቱል ከህፍን ያልቀራችሁ መግሪብ ሳይገባ ቅሩ፤ ሶለዋትም አብዙ።

በየዓመቱ ሸዕባን ሊወጣ ሲል ስልካችንን የሚያጨናንቀውን መልእክት ታውቁታላችሁ። አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ለአላህ ብላችሁ ዐፉ በሉኝ የሚለው። አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ለሦስት መቶ ሰው ይላካል። እኔም ልኬያለሁ። አምና ከላክሁላቸው ሰዎች መካከል በእርግጥ የበደልሁት አንድ ወንድም ነበር። መልእክቱ ለእርሱም እንደ ሌሎቹ ደረሰው። ስሙን አልጠራሁም፤ ምን እንዳደረግሁትም አልጻፍሁም። እሱም የአውራ ጣት ምልክት መለሰልኝ። እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ያ መልእክት እንደገና ትዝ ያለኝ የአንድ ንጉሥ ታሪክ ሳነብ ነው። ንጉሡ ሙስሊም አልነበሩም። ታሪካቸው ግን እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ ይነካል፤ እንዴት እንደሆነ ትንሽ ታገሱኝና እደርስበታለሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ከጅማ ወደ ቦንጋ በመኪና የሄዳችሁ ጎጀብን ተሻግራችኋል። መንገዱ ወደ ወንዙ ቆላ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ካፋ ደጋና ጫካ ይወጣል። ያ ወንዝ በጅማና በካፋ መንግሥታት መካከል ድንበር ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ በቦንጋና በአንደራቻ ዙሪያ፣ የሚንጆ ነገሥታት ሲገዙ ኖረዋል። በትውፊት እንደሚነገረው የሥርወ መንግሥቱ መጀመሪያ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ንጉሡ ታቶ ይባላሉ። ብቻቸውን አይወስኑም፤ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ሸንጎ አለ። የአገሩ ዳር በረጅም ጉድጓድና በአጥር የታጠረ ነበር፤ መግቢያው በር ብቻ ነው፤ በሩም ጠባቂ አለው። የውጭ ሰው እንደ ልቡ አይገባም። ነጋዴ ግን ይገባል፤ ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች፣ ሙስሊሞች ነበሩ። ቦንጋ የታወቀ የገበያ ቦታ ነበረች። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይወጣ ነበር። ሰውም ይወጣ ነበር፤ ባሪያ ተብሎ፣ ተገዝቶ።

ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ሲነግሡ የተረከቡት ይህን አገር ነው። ከእሳቸው በፊት የነገሡት ጋሊ ሸሮቾ ሃያ ዓመት ያህል ገዝተዋል። ጋኪ ግን ሰላማዊ ዘመን አልደረሳቸውም። በ1882 በእምባቦ ጦርነት ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ካሸነፉ ወዲህ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ለሸዋ ክፍት ሆኗል። በዙሪያው ያሉት መንግሥታት አንድ በአንድ ገብተዋል። ግማሹ በጦር፣ ግማሹ በግብር።

በግብር ከገቡት አንዱን በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። የጅማው ሁለተኛው አባ ጅፋር። በ1878 የነገሡ፣ ዓሊሞችን ያስጠለሉ፣ ለሑጃጆች በመካ ማረፊያ ያዘጋጁ፣ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ የሚጎበኝ ንጉሥ። ምኒልክን ከመውጋት መገበርን መረጡ፤ በዚህም ጅማ ሳትቃጠል፣ ሳትዘረፍ፣ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። ይህን ብልኀታቸውን ስንቴ አንስተነዋል! እኔም በዚሁ ገጽ ላይ አሞግሼአቸዋለሁ፤ አሁንም ቢሆን ሙገሳውን አልሰርዘውም።

ጋኪ ሸሮቾ ግን አልገብርም አሉ።

የዐድዋ ድል በመጋቢት 1896 ሆነ። ዓመት ሳይሞላ የምኒልክ ጦር ወደ ካፋ ዘመተ። ኢጣሊያን ያሸነፈ መንግሥት የዐድዋ ጭስ ሳይጠፋ ሌላ አገር ለማስገበር ሲነሣ ማየት ለብዙዎቻችን ያስቸግራል፤ ሁለቱም ግን በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት እጅ የተደረጉ ናቸው። ዘመቻውን የመሩት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰውም ከየአቅጣጫቸው ዘምተዋል። አብሯቸው የዘመተ ሌላ ጦር ደግሞ ነበረ፤ የአባ ጅፋር ጦር። ጎጀብን ተሻግሮ ጎረቤቱን የወጋው ሠራዊት ውስጥ ላኢላሃ ኢለላህ የሚሉ ሰዎች ነበሩ።

የካፋ ሰዎች የነበራቸው በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነው፤ ጠመንጃቸው ጥቂትና አሮጌ ነበር። የመጣባቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ጠመንጃ የታጠቀ ሠራዊት ነው። ንጉሡ ያም ሆኖ ወዲያው አልተያዙም። ከጫካ ጫካ እየተዘዋወሩ ለወራት ቆዩ። ሠራዊቱም አገሩን እያሰሰ፣ እያቃጠለ፣ ሰው እየማረከ ፈለጋቸው። የተያዙት በመስከረም 1897፣ ልክ የዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። ብዙ መቶ ዓመት የቆየው መንግሥት በዚያ ቀን አበቃ። ከእሳቸው በኋላ ታቶ ተብሎ የነገሠ የለም።

ወደ ሸዋ ሲወሰዱ በብር ሰንሰለት ታስረው ነበር ይባላል። ጎጀብ ላይ ሲደርሱም የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወደ ወንዙ ወረወሩት ተብሎ ይተረካል፤ ቀለበቱ እንደማይመለስ ሁሉ የካፋ ንግሥናም እንደማይመለስ ለማሳየት። ዘውዱም ተወሰደ። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ይዞት ወደ አገሩ ሄደ። ንጉሡ በሕይወት ሳሉ አልተመለሰላቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አንድ አንቀጽ አይበቃም፤ እኔም አላበዛውም። የካፋ ሕዝብ ገባር ሆነ፤ ብዙ ሰው በባርነት ተጋዘ፤ የለማው መሬት ጫካ በላው። ከተጋዙትም ወደ ጅማ የተነዱ፣ በሂርማታ ገበያ የተሸጡ ነበሩ። ገዢውም ሻጩም ጁሙዓ ይሰግድ ነበር።

ጋኪ ሸሮቾ በምርኮ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ። እስቲ አስቡት። ከእናንተ መካከል ገና ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላችሁ አላችሁ። ዘመቻውን ያዘዙት አፄ ምኒልክ በ1913 ሞቱ። ዘመቻውን የመሩት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑና በ1918 ሞቱ። ምርኮኛው ያሰሯቸውን ሰዎች ቀብረው፣ በ1919 ሞቱ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ካዘዙትም ካዘመቱትም አንዳቸውም በአደባባይ ቆመው በድለንሃል፣ ዐፉ በለን ያሏቸው የለም።

አባ ጅፋርስ? አባ ጅፋር እስከ 1932 ኖረዋል። ከዘመቻው በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ከጋኪ ሞት በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት። ሌሎቹ ባለ ዕዳዎች ሲሄዱ የቀሩት የእኛው ናቸው። ታሪካቸውን ስንጽፍ ግን ይህችን ገጽ ሁልጊዜ እንዘላታለን።

ነገሩ ንጉሡ ንጹሕ ናቸው፣ ሌላው ሁሉ በዳይ ነው ማለት አይደለም። የካፋ መንግሥትም ባሪያ ይሸጥ ነበር። የአገሩን በሮች ይጠብቁ የነበሩት ማንጆዎች ዛሬ ድረስ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ ለመቅረብ፣ በአንድ ስኒ ለመጠጣት፣ ለመጋባት የተቸገሩ ሰዎች ናቸው። ካፋ የአባ ጅፋርን ሠራዊት ሐቄን መልሱ ሲል ማንጆውም ከበሩ ቆሞ ካፋን ሐቄን መልስ ሊል ይችላል። ቦንጋ የምትኖሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እንሰግዳለን፤ ከመስጊድ ስንወጣ ግን ቡናውን ከማን ጋር እንደምንጠጣ ራሳችንን እንጠይቅ።

አንዳንዶቻችሁ አሁን በልባችሁ የምትሉትን እሰማለሁ። ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከም፤ ታዲያ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የሞቱ ሰዎች ያደረጉት እኛን ምን አገባን? ጥያቄው ትክክል ነው። የአባት ወንጀል በልጅ አይጻፍም። ዓሊሞቻችን ግን ሌላም ነገር አስተምረውናል፤ የተቀማ ንብረት በወራሹም እጅ ቢሆን የተቀማ ነው፤ ሟቹ ዕዳ ካለበት ውርስ ከመከፈሉ በፊት ዕዳው ይከፈላል። ከአባ ጅፋር የወረስነው ምንድን ነው? እኔ መሬታቸውን አልወረስሁም፤ ክብራቸውን ግን ወርሻለሁ። የሙስሊም ንጉሥ ነበረን እያልሁ የምኮራው በዚያ ክብር ነው። ክብሩን ከወሰድሁ በላዩ ላይ ያለውንም ዕዳ ማየት አለብኝ። ቢያንስ ታሪኩን ሳልቆርጥ መናገር አለብኝ።

ሙስሊም ላልሆነ ሰውስ ሐቅ አለብን ወይ የሚልም አይጠፋም። አዎ አለብን። የተበዳይ ዱዓ በእርሱና በአላህ መካከል መጋረጃ እንደሌለው የሚያስተምረን ሐዲስ ተበዳዩ ማን እንደሆነ አይመርጥም። በሰንሰለት የታሰሩ ንጉሥ በሃያ ሁለት ዓመት ሌሊት ውስጥ ምን ብለው እንደጮኹ አላህ ያውቃል።

ወደ ተውበት እንምጣ። መስፈርቶቹን ከመድረሳ ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ከወንጀሉ መቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መወሰን። ወንጀሉ የሰው ሐቅ ከነካ ግን አራተኛው ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ከእርሱ ዐፉታ ማግኘት። ሦስቱን ልብ ውስጥ ጨርሶ አራተኛውን የሚዘል ብዙ ነው፤ ምክንያቱም አራተኛው ከቤት ያስወጣል፣ በር ያስንኳኳል፣ ፊት ያስቀላል።

በአደባባይ ይሁን ወይስ በስውር? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስውር ያማኸውን፣ ሐሜቱም ያልደረሰውን ሰው ሄደህ አምቼህ ነበር ብትለው አዲስ ቁስል ታቆስለዋለህ፤ ኢብኑ ተይሚያ ጨምሮ አንዳንድ ዓሊሞች እንዲህ ላለው ሰው ዱዓ ማድረግና ባማኸው ቦታ ላይ በመልካም ማንሣት ይሻላል ብለዋል። በአደባባይ የተደረገ በደል ግን ሌላ ነው። ሱረቱል በቀራ 160ኛው አንቀጽ እውነትን ደብቀው ሕዝብ ስላሳሳቱ ሰዎች ሲናገር መጸጸትን ብቻ አይጠቅስም፤ ያበላሹትን ማስተካከልንና በግልጽ መናገርንም ያስከትላል። በገበያ መሐል የሰደብኸውን ሰው በጓዳ ይቅርታ ብትለው ገበያው አሁንም ስድቡን እንጂ ይቅርታውን አላወቀም። ከተማ አቃጥሎ፣ ንጉሥ በሰንሰለት በሕዝብ ፊት አስነድቶ፣ በሌሊት በኢስቲግፋር ብቻ የሚወራረድ ሒሳብ የለም።

የአደባባዩ ይቅርታ ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። ይህን እኛም አይተናል። በመጋቢት 24 ቀን 2010 (በእኛ አቆጣጠር) አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ ቆመው በተቃውሞው ዓመታት ሕይወታቸው ስላለፈ ሰዎች ይቅርታ ሲጠይቁ ስንቶቻችን አለቀስን! ከመሪ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምተን አናውቅም ነበርና። ከዚያ በኋላ በአገራችን የፈሰሰውን ደም ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቃሉ ውሸት ነበር ብዬ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ልብን የሚያውቀው አላህ ነው። ግን ከተውበት መስፈርቶች አንዱ ላለመመለስ መወሰን መሆኑን ይህን ያህል በደማችን የተማርነው ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

ከውጭም አንድ ልጥቀስ። ጀርመን ከ1904 እስከ 1908 በናሚቢያ ሄሬሮና ናማ በሚባሉ ሕዝቦች ላይ የፈጸመችውን ጭፍጨፋ በ2021 የዘር ማጥፋት ነው ብላ አመነች፤ በሠላሳ ዓመት የሚከፈል ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የልማት ገንዘብም ለመስጠት ተስማማች። የሄሬሮና የናማ መሪዎች ብዙዎቹ ግን ተቆጡ። ድርድሩ በሁለት መንግሥታት መካከል ነበርና። ሐቁ የእኛ ሆኖ ሳለ እኛን ማን ጠየቀን ነው ነገሩ። ጋኪ ሸሮቾ ዛሬ ቢኖሩ፣ ይቅርታው አዲስ አበባና ጅማ ተጽፎ፣ ቦንጋ በቴሌቪዥን ቢታይ ምን ይሰማቸው ነበር?

አንድ ሰሓባ አለ፣ በዚህ ነገር ሁሌ ትዝ የሚለኝ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ናቸው። አንድ ቀን ተናደው አንድን ሰው በእናቱ ዘር ሰደቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ውስጣቸው ገና የጃሂሊያ ቅሪት እንዳለ ነገሯቸው፤ አገልጋዮቻችሁ ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው ብለውም አስተማሩ። አቡ ዘር ከዚያ ምን አደረጉ? ከዓመታት በኋላ ረበዛ በሚባል ቦታ ያገኛቸው ሰው እሳቸውና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ቢያይ ገርሞት ጠየቃቸው። እሳቸውም ያችን የስድብ ቀን አነሡለት። ከራሳቸው ላይ አንሥተው ነገሩት፤ አልደበቁም፣ አላሳነሱም። የበደሉት በአገልጋይ ዘር ነበር፤ የከፈሉትም በአገልጋይ ልብስ ነው። ሕዝብ በሚያየው መንገድ ላይ፣ በየቀኑ፣ ሲለብሱትና ሲታጠብ።

በብር ሰንሰለት የታሰሩት ንጉሥ እንዲህ ያለ ልብስ አላዩም።

ቦንጋ ዛሬ ሌላ ከተማ ናት። ከኅዳር 2014 (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ የቡና ሙዚየምም አላት። ከጅማ የሚመጣ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ዳዒ በየቀኑ ጎጀብን ይሻገራል። ከጅማ ወደ ቦንጋ ለዳዕዋ የምትሄዱ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የቦንጋ ሽማግሌ ከየት መጣችሁ ሲላችሁ ከአባ ጅፋር አገር ብላችሁ በኩራት ትመልሳላችሁ። እሱ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ለምን ትንሽ እንደሚለወጥ ካልገባችሁ፣ አሁን ይግባችሁ። ከትምህርቱ በፊት ያንን ብታነሡለት፣ ዐውቀነዋል ብትሉት፣ ቡናውን አፍልቶ ቀሪውን እሱ ይነግራችኋል።

የእኔን ነገር ልጨርስ። ያ የአውራ ጣት ምልክት የላከልኝ ወንድም የሚኖረው ከሰፈሬ ብዙም አይርቅም። ያደረግሁት ነገር ሌሎች ሰዎች ባሉበት ስለነበር፣ እነዚያኑ ሰዎች ዛሬ ከዐስር በኋላ እንዲገኙልኝ ጠርቻለሁ። ምን እንደምል ጽፌ ይዣለሁ፤ ሦስት መስመር ነው። ካለችበት ሁሉ «ካለ» የምትለዋን ቃል ሰርዣታለሁ። ዐፉ ሊለኝም ላይለኝም ይችላል፤ የእሱ ሐቅ ነው። ዱዓ አድርጉልኝ።